ምዕራፍ ሰባት፦ ሦስት እጆች

ራኩን ኢትዮጵያ ውስጥ የለም። የትውልድ አገሩ ሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ያም ሆኖ ሐዋሳ ውስጥ አንዱን የመዋዕለ ሕፃናት ተማሪ ሥዕሉን ብታሳዩት «አውቀዋለሁ!» ሊላችሁ ይችላል። ከውጭ በገባ የሥዕል መጽሐፍ አይቶታል፤ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ፖስተር አይቶታል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እናቱ ስልክ ላይ በሚያየው ካርቱን አይቶታል። ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር ጭንብል የመሰለ ነገር አለ፣ ጅራቱ ቀለበት ቀለበት ነው፣ ምግቡን አጥቦ ይበላል። ልጁ የሚያውቀው ይህን ነው።

ይህ ዕውቀት ምን ያህል ዕውቀት ነው? ቀጥሎ የሚመጣውን የልጁን ጥያቄ መስማት ነው። «ቲቸር፣ እኛ ሰፈር አለ?» «የለም።» «ለምን?» እዚህ ላይ መምህሯ ትጨነቃለች። እሷም ራኩን አይታ አታውቅም። ፖስተሩ ላይ ካለው በላይ የምትነግረው የላትም፤ ልጁም ከሷ መልስ በላይ ሄዶ የሚያጣራበት መንገድ የለውም። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ስሙን በዜማ እየደጋገሙ መሸምደድ ነው።

ራኩንን ከግድግዳው አውርዱት አልልም። ልጆች ሩቅ አገር ያለ እንስሳ ማወቃቸው ደስ ይላል፤ ይገባቸዋልም። ወረፋውን ጠብቆ ይምጣ ነው የምለው። ሐዋሳን በሚያህል ከተማ፣ ከትምህርት ቤቱ በር በባጃጅ ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ ሁለት ዓይነት የዛፍ እንስሳ፣ ቁመቱ ከልጁ የሚበልጥ ወፍና የሐይቅ ዓሣ እያለ፣ የሳይንስ ትምህርት ማንም ባላየው እንስሳ መጀመሩ ያሳዝነኛል። ደግሞም ራኩን ራሱ ይበልጥ የሚገባቸው እነዚህን ካወቁ በኋላ ነው። ይህን የምለው በስሜት ብቻ አይደለም፤ የተጠና ነገር ነው።

ጃፓናዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ካዮኮ ኢናጋኪ እ.ኤ.አ. በ1990 አንድ ጥናት አሳትማ ነበር። ጥናቷ ሁለት ዓይነት የአምስት ዓመት ልጆችን ያነጻጽራል፤ ቤታቸው ውስጥ ወርቃማ ዓሣ ለረጅም ጊዜ ሲያሳድጉ የቆዩትንና ጭራሽ አሳድገው የማያውቁትን። ዓሣ ያሳደጉት ስለ ዓሣ ብዙ ማወቃቸው አይገርምም። የሚገርመው ሌላው ነው። አሳድገውት ስለማያውቁት እንስሳ፣ ስለ እንቁራሪት ሲጠየቁ፣ የራሳቸውን ዓሣ መነሻ አድርገው ማሰብ ጀመሩ። ትንሿን እንቁራሪት እንደ ትንሽነቷ ማቆየት ይቻላል ወይ ሲባሉ፣ አይቻልም፣ የኔ ዓሣም ትንሽ ነበር፣ አደገ፤ እሷም ታድጋለች የሚል ዓይነት መልስ ሰጡ። አንዱን እንስሳ በቅርብ ያወቀ ልጅ ወደማያውቀው እንስሳ የሚሻገርበት ድልድይ አለው። ሥዕል ብቻ ያየ ልጅ ይህን ድልድይ አላገኘም።

ተቃራኒውን የሚያሳይ ሌላ ጥናት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ወጥቷል። የእንግሊዝ አገር የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በካርድ ላይ የተሳሉ የፖኬሞን ገጸ ባሕርያትንና በአገራቸው በብዛት የሚገኙ ዕፅዋትና እንስሳትን ሥዕል እያዩ ስም እንዲጠሩ ተጠየቁ። የስምንት ዓመት ልጆች ከፖኬሞኖቹ ወደ 80 በመቶ የሚጠጉትን ለይተው አወቁ። ከአገራቸው ፍጥረት ግን የለዩት ከግማሽ ብዙም አልበለጠም። ልጆቹ የማስታወስ ችሎታ አላጡም። ማንም አጠገባቸው ያለውን አላሳያቸውም እንጂ።

እንግዲህ ሐዋሳ ላይ ልጆቹን የት እንውሰዳቸው? አሞራ ገደል።

ከተማዋን ለማያውቅ አንባቢ፦ ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በስሟ በሚጠራው ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሐይቁ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ነው። ሐይቁ ዳር ባሉት ትልልቅ የሾላና የግራር ዛፎች ላይ የሚኖሩት እንስሳት ግን ከዚያ በፊትም ነበሩ። ከተማ ሲመጣባቸው ያልሸሹ፣ ከሰው ጋር ተላምደው የቀሩ ናቸው። ይህ ባሕርያቸው ከራኩን ጋር ያመሳስላቸዋል፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሞራ ገደል በታቦር ተራራ ግርጌ ያለው የዓሣ ገበያ ነው። ጠዋት ላይ ጀልባዎቹ ይገባሉ፤ ቆሮሶው፣ አምባዛው፣ ቢልጫው ይራገፋል። ወጣቶች ድንጋይና ጣውላ ላይ ተቀምጠው ዓሣውን ይገፍፋሉ፤ ሥጋው ለጥብሱ፣ ለሾርባውና በዳጣ ለሚበላው ጥሬ ይለያል። ጭንቅላቱ፣ አጥንቱና ሆድ ዕቃው ይጣላል። የተጣለውን የሚጠብቁት ደግሞ አባ ኮዳዎቹ ናቸው፤ እንደ ሽማግሌ ጎብጠው፣ ራሰ በራ ሆነው፣ ከገፋፊው ክንድ ርቀት ላይ ቆመው። ሌላ ቦታ ሰው ካየ የሚበረግግ የዱር ወፍ እዚህ እግራችሁ ሥር ያልፋል። ከላይ ዛፉ ላይ ጉሬዛ አለ፤ ከታች አጥሩ ላይ ጦጣ አለ።

አንድ መምህር ልጆችን ይዞ እዚህ ከመጣ በኋላ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ሁሉንም በአንድ ቀን ለማሳየት መሮጥ ነው። «ያ ምንድን ነው? ጉሬዛ! ያኛውስ? ጦጣ!» እየተባለ ሲታለፍ ፖስተሩ ክፍል ውስጥ ከሚሠራው የተለየ ነገር አልተሠራም። እኔ የምመርጠው አንድ ነገር ብቻ ይዞ መምጣትን ነው። ለዚህ ምዕራፍ የመረጥኩት እጅን ነው። ልጆች ስለ እጅ ያውቃሉ፤ ሁለት አላቸው፤ እርሳስ አያያዝ ገና እየተማሩበት ስለሆነ እጅ ምን ያህል አስቸጋሪ ነገር እንደሆነ ከአዋቂ የበለጠ ይገባቸዋል።

ጉሬዛን እንይ። ጥቁር ነው፤ ከትከሻው እስከ ወገቡ ግራና ቀኝ የሚንዘረፈፍ ነጭ ጸጉር አለው፤ ጅራቱ ጫፉ ላይ ነጭና ጨፈቃ ነው፤ ፊቱ ዙሪያውን በነጭ ተከቧል። ቅጠል ሲበላ እጁን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ቅርንጫፉን በአራት ጣቶቹ ጠልፎ ወደ አፉ ይስበዋል። አውራ ጣቱን ፈልጉት። አታገኙትም። በቦታው ትንሽ እባጭ የምትመስል ነገር ብቻ አለች። ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም።

አጥሩ ላይ ያለችው ጦጣ ግን አላት። ፊቷ ጥቁር ሆኖ ጉንጯ ግራና ቀኝ በነጭ ጸጉር የታጠረ፣ ጀርባዋ አረንጓዴ ያዘለ ግራጫ ነው። መሬት ላይ የወደቀች አንዲት የበቆሎ ፍሬ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ቆንጥራ ታነሳለች። የሙዝ ልጣጭ ትልጣለች። ፌስታል ትፈታለች። ቦርሳ ዚፕ መክፈት የሚችሉም እንዳሉ የሐዋሳ ሰው ያውቃል።

ሁለቱም በአንድ ዛፍ ላይ ይኖራሉ። ታዲያ አንዱ አውራ ጣት ኖሮት ሌላው ለምን አጣ? ይህን ጥያቄ መምህሩ ከመመለሱ በፊት ልጆቹ እንዲገምቱ ጊዜ ይስጣቸው። «ተቆርጦበት ነው» የሚል ልጅ መኖሩ አይቀርም። ጥሩ ግምት ነው፤ ሊጣራ ይችላልና። ሌላ ጉሬዛ እንይ፤ እሱም የለውም። ሦስተኛውም የለውም። ሕፃኑም የለውም። እንግዲያውስ ሁሉም አልተቆረጠባቸውም። እዚህ ላይ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ግምቱን በዓይኑ አይቶ ጥሏል። ሳይንስ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ሕፃኑን ካነሳሁ አይቀር፣ ልጆቹን የሚያስደስት አንድ ነገር ልጨምር። የጉሬዛ ግልገል ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፤ ፊቱም ሮዛማ። ጥቁሩ ቀለም የሚመጣው በኋላ ነው፤ ከሦስትና አራት ወር በኋላ እናቱን ይመስላል። ከእናቱ ሌላ የመንጋው ሴቶችም እየተቀባበሉ ይይዙታል። ጥቁር እናት ደረት ላይ የተለጠፈ ነጭ ነገር ካያችሁ እሱ ነው። ልጆች ሲያዩት መጀመሪያ «ጥጥ ይዛለች» የሚሉት ያችን ነው።

ወደ እጁ እንመለስ። መልሱ ያለው እንስሳው በሚበላውና በሚሄድበት መንገድ ውስጥ ነው። ጉሬዛ ዋነኛ ምግቡ ቅጠል ነው። ቅጠል ለመቆንጠር ጥንቃቄ አይፈልግም፤ ቅርንጫፉን መሳብ ይበቃል። የሚንቀሳቀሰውም ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለ ነው። አራት ጣት አጥፎ እንደ መንጠቆ ማንጠልጠል ለዚህ ይመቻል፤ ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት አውራ ጣት ቢኖረው በዝላይ ጊዜ መሰናክል ይሆንበት ነበር። ጦጣ ግን ብዙ ጊዜዋን መሬት ላይ ታሳልፋለች፤ ፍሬ፣ ዘር፣ ነፍሳት፣ የወፍ እንቁላል፣ ያገኘችውን ሁሉ ትለቅማለች። ለቀማ አውራ ጣት ይፈልጋል።

ክፍል ሲመለሱ ይህን በገዛ እጃቸው መሞከር ይችላሉ። አውራ ጣታቸውን መዳፋቸው ላይ አጥፈው በቁራጭ ጨርቅ ላላ ተደርጎ ይታሰር። መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ የተበተነ ሽምብራ ይልቀሙ። ቁልፍ ይቆልፉ። እርሳስ ይዘው ክብ ይሳሉ። ጩኸቱና ሳቁ ካለፈ በኋላ የመጥረጊያ እንጨት አግድም ይያዝላቸውና ይጎትቱ። ሽምብራው ያቃተው እጅ እንጨቱን ያለ ችግር ይይዛል። «የጉሬዛ እጅ ጎደሎ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እንጨቱን ከመጎተታቸው በፊትና በኋላ የሚሰጡት መልስ አንድ አይሆንም።

አሁን የራኩን ወረፋ ደረሰ።

የራኩን እጅ ሦስተኛ ዓይነት ነው። አምስት ቀጫጭን ረጃጅም ጣቶች አሉት፤ አምስተኛው ግን እንደኛና እንደ ጦጣዋ አውራ ጣት ዞሮ ከሌሎቹ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ በአንድ እጁ መቆንጠር አይሆንለትም፤ ሁለቱን እጆቹን አንድ ላይ አድርጎ ያገላብጣል። ይህ እጅ በመቆንጠር የሚያጣውን በመዳሰስ ይክሰዋል። ራኩን በአብዛኛው የሌሊት እንስሳ ነው፤ ወንዝና ኩሬ ዳር ቆሞ እጁን ውኃ ውስጥ ከትቶ፣ ዓይኑን ሌላ ቦታ ላይ ጥሎ፣ ድንጋይ ሥር ያለችውን እንቁራሪትና ጎርምጥ መሰል ፍጥረት በጣቱ ብቻ ይፈልጋል። ከአንጎሉ ውስጥ ከእጁ የሚመጣውን ስሜት የሚያስተናግደው ክፍል ከሌሎች መሰሎቹ በእጅጉ የሰፋ ነው።

እንግዲህ ያ «ምግቡን አጥቦ ይበላል» የሚባለው ነገር ትክክል አይደለም። ይህን የሚያደርጉት በተለይ ሰው አሥሮ የሚያኖራቸው ራኩኖች ናቸው፤ ምግቡ ንጹሕ ቢሆንም ውኃ ውስጥ ይነክሩታል። ንጽሕና ፈልገው አይደለም። በዱር ውኃ ውስጥ የሚያደርጉትን ዳሰሳ እየደገሙት ነው። ውኃው የመዳፋቸውን ቆዳ ሲያለሰልሰው የመዳሰስ ስሜታቸውም ይጨምራል። ስንት የሕፃናት መጽሐፍ ግን ራኩንን እጅ መታጠብ ለማስተማር ይጠቀምበታል! ልጆች እጃቸውን መታጠብ አለባቸው፤ ለዚህ ግን ስለ እንስሳ ያልሆነውን መንገር አያስፈልግም።

የክፍሉ ሙከራ ቀላል ነው። ሳፋ ውስጥ ውኃ ይሞላ፤ ጭቃ ወይም ቅጠል ይጨመርበትና የሥሩ አይታይ። ጠጠር፣ ባቄላ፣ ቁልፍ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ይከተትበት። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር አሰልፎ፣ በሁለት እጁ ባቄላውን ብቻ ፈልጎ ያውጣ። ያገኘው ልጅ እንዴት እንዳወቀው ይናገር። «ለስላሳ ነው»፣ «ጠጠሩ ይከብዳል»፣ «ቁልፉ ቀዳዳ አለው»። አሁን ራኩን ስም መሆኑ ቀረ። በሦስት እጅ መካከል ልዩነት የሚያይ ልጅ፣ አይቶት ስለማያውቀው እንስሳ ትክክለኛ ነገር ማሰብ ጀምሯል፤ ኢናጋኪ ያየችው ይህንኑ ነበር።

ከእጅ ወደ ሆድ መሄድ ይቻላል፤ መሄድም ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሐይቅ ዳር ከሁሉ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ያለው እዚያ ነው። የጉሬዛ ጨጓራ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነው። ውስጡ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት ቅጠሉን ያብላላሉ። የላም ጨጓራም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ጉሬዛ ግን እንደ ላም አያመሰኳም። ቅጠል ብዙ ጉልበት ስለማይሰጥም ከቀኑ ግማሽ በላይ ተቀምጦ ያርፋል። ልጆች «ሰነፍ ነው» ሲሉ ይህን ንገሯቸው። ጦጣ ደግሞ ጉንጯ ውስጥ ከረጢት አላት፤ ያገኘችውን ቶሎ ቶሎ ትጠቀጥቅበትና ዛፍ ላይ ወጥታ በሰላም ትበላለች። ጉሬዛ ይህ የለውም። የትኛው ጉንጩ እንዳበጠ ለይቶ መናገር ለልጆች ጥሩ የመመልከቻ ሥራ ነው።

ከዚያ የሚከተለው ነገር፦ ለጉሬዛ ዳቦ፣ ብስኩትና ሙዝ የሚሰጥ ሰው የሚጎዳው መሆኑን ሳያውቅ ይጎዳዋል። ለቅጠል የተሠራ ሆድ ውስጥ ስኳርና ዱቄት ሲገባ ቶሎ ቶሎ ይብላላና ሆዱን በአሲድ ይሞላዋል፤ እንስሳውን ሊገድልም ይችላል። የሐይቅ ዳር እንግዶች በፍቅር ነው የሚሰጡት፤ ፎቶ ለመነሣት፣ ልጃቸውን ለማስደሰት። ፍቅራቸውን አልጠራጠርም። ግን ስለ ጉሬዛ ሆድ የሰማ የአምስት ዓመት ልጅ አባቱን «አባዬ፣ ተው፣ ያመዋል» ማለት ይችላል፤ አባቱም ከማንኛውም ማስታወቂያ ሰሌዳ የበለጠ ይሰማዋል።

ጦጣዋ ሆዷ ይህን ያህል አይጎዳም፤ ባሕርይዋ ግን ይለወጣል። ሰው እጅ ውስጥ ምግብ እንዳለ የተማረች ጦጣ ሳይሰጧት ትነጥቃለች፤ ከልጅ እጅ መንጠቅ ደግሞ ከአዋቂ እጅ ይቀላታል። ስለዚህ ተማሪዎች ወደ አሞራ ገደል ሲሄዱ ምግብ ይዘው አይሂዱ፤ መክሰሱን ትምህርት ቤት ይብሉ። ጦጣ የነከሰው ወይም የቧጨረው ልጅ ካለ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ በአብዛኛው የሚተላለፈው በውሻ ነው፤ ሌሎች አጥቢ እንስሳትም ግን ሊያስተላልፉት ስለሚችሉ ውሳኔው የጤና ባለሙያው ነው።

አባ ኮዳን በአጭሩ ልለፈው፤ ለብቻው ምዕራፍ ይገባዋል። ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ማለትም ከልጆቹ ሁሉ ይረዝማል። ራሱና አንገቱ ላይ ላባ የሌለው በድን ውስጥ ስለሚያስገባው ነው፤ ላባ ቢኖረው በደም ይጨማለቅ ነበር። እግሩ ነጭ ይመስላል፤ እውነተኛው የእግሩ ቀለም ግን ጠቆር ያለ ነው። ነጭ ያደረገው ኩሱ ነው። ሲሞቀው እግሩ ላይ ይጥልበታል፤ ርጥበቱ ሲተን እግሩን ያቀዘቅዘዋል፤ እንስራ ውስጥ ያለ ውኃ ላዩ እየረጠበ ውስጡ እንደሚቀዘቅዘው ማለት ነው። ይህን የሰማ ልጅ ማታ እራት ላይ ለቤተሰቡ ሳይነግር አያድርም። ይንገር።

ስለ ጭንብሉስ? ልጆቹ መጀመሪያ ራኩንን የወደዱት ለዓይኑ ጥቁረት ነበርና እሱን ሳንነካ ብናልፍ ቅር ይላቸዋል። ደስ የሚለው ነገር፣ ጭንብል ያደረገ እንስሳ እኛም አገር አለ፤ ጥርኝ። ዓይኑ ዙሪያ እንደ ራኩን ጥቁር ነው። እንደ ራኩን ሌሊት ይወጣል። እንደ ራኩን ፍሬውንም፣ ነፍሳቱንም፣ እንቁራሪቱንም ይበላል። እንደ ራኩን ተመላልሶ የሚጸዳዳበት ቋሚ ቦታ አለው። ሆኖም ዘመዳሞች አይደሉም፤ ሁለቱም ሥጋ በል ከሚባለው ሰፊ ክፍል ቢሆኑም ቤተሰባቸው የተለያየ ነው። አንዱ አሜሪካ፣ አንዱ አፍሪካ ሆነው ተመሳሳይ ኑሮ ሲኖሩ ተመሳሳይ መልክ ያዙ።

ጭንብሉ ለምን ይጠቅማል? ሊቃውንቱ ገና አልተስማሙም። አንዳንዶቹ የብርሃን ነጸብራቅ እየቀነሰ በጨለማ ለማየት ይረዳል ይላሉ፤ ሌሎቹ «አትጠጉኝ፣ እናከሳለሁ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው ይላሉ። ይህን ለልጆች መንገር ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ። ትልልቅ ሰዎች እየተከራከሩበት ያለ ጥያቄ መኖሩን ማወቅ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ የራሱን ሐሳብ እንዲናገር ያደፋፍረዋል።

ስለ ጥርኝ ሌላም ልጆች ከቤት ይዘውት የሚመጡት ነገር ይኖራል፤ ዝባድ። ከጅራቱ ሥር ካለ ዕጢ የሚወጣው ይህ ሽታ ያለው ቅባት ለሽቶ ሥራ ይፈለጋል፤ ኢትዮጵያም ለዘመናት በቀንድ እየሞላች ወደ ውጭ ስትሸጠው ኖራለች። አያቱን ጠይቆ የሚመጣ ልጅ መምህሩ የማያውቀውን ያመጣል። ሐዋሳ ደግሞ ሲዳምኛ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛና ሌላም የሚነገርባት ከተማ ናት፤ «አያቶቻችሁ ስለ ጥርኝና ስለ ጉሬዛ ምን ይላሉ?» የሚል የቤት ሥራ ከየቤቱ የተለያየ ወሬ ይሰበስባል። ከተሰበሰበው ውስጥ የትኛውን በዓይናችን ልናጣራ እንችላለን ብሎ መለየት የማግስቱ ትምህርት ይሁን።

ይህን ሁሉ ስጽፍ አንድ መምህርት «ስልሳ ልጅ ይዤ ሐይቅ ዳር?» ስትል ይሰማኛል። እውነቷን ነው። ሐይቁ ጥልቀት አለው፣ ጉማሬም አለው፤ ትንንሽ ልጆች ያለ በቂ አዋቂ ውኃ ዳር መሄድ የለባቸውም። ወላጆችን ማስተባበር፣ ክፍሉን በቡድን ከፍሎ በተለያየ ቀን መውሰድ ይቻል ይሆናል። ካልተቻለ ግን ሐይቁ ወደ ክፍል ይመጣል። ከአሞራ ገደል አንድ የቆሮሶ ጭንቅላት በርካሽ ይገኛል። የጉንጩን ክዳን ከፍ አድርጋችሁ ስንጥቡን አሳዩ፤ ያ ቀይ ማበጠሪያ የመሰለው ነገር ዓሣው ውኃ ውስጥ የሚተነፍስበት ነው። የቆሮሶ እናት እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛ እንደምትጠብቅ ስትነግሯቸው አፏን ከፍተው ለማየት ይሻማሉ። በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ጠረጴዛው ይጠረጋል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥም ጦጣ ይገባል፤ መስኮት ላይ ተቀምጦ አሥር ደቂቃ ማየትና ያዩትን መሳል ከበቂ በላይ ትምህርት ነው። «አካባቢ ሳይንስ» የሚባለው የትምህርት ዓይነት ስሙ ላይ ያለውን አካባቢ ልጁ እንዲያይ ከዚህ የተሻለ ዕድል አያገኝም።

ትምህርቱ ምን ያህል እንደገባቸው ለማወቅ ፈተና አያስፈልግም። አንድ ጥያቄ አለችኝ፤ «ነገ ጠዋት ራኩን ሐዋሳ ቢመጣ የት ይተኛል? ምን ይበላል? ማን ይቀየመዋል?» እጆቹን ያዩ ልጆች ዝም አይሉም። አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ ይበላል፤ አባ ኮዳ ይጣላዋል። ሌሊት ስለሚወጣ ጦጣ አታገኘውም። ዶሮ ይሰርቃል። የቆሻሻ ገንዳ ይከፍታል።

እነዚህ መልሶች ሁሉ እውነት ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው። የመጨረሻውንማ ቶሮንቶ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይመሰክሩለታል፤ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2016 ራኩን እንዳይከፍተው ተብሎ የተሠራ የቆሻሻ ገንዳ ለነዋሪዎች ማከፋፈል ጀምራለች፤ ለዚህም 31 ሚሊዮን ዶላር መድባለች። ከመቶ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1907 አሜሪካዊው ተመራማሪ ዴቪስ ለራኩኖች 13 ዓይነት ቁልፍ ሰጥቶ ነበር፤ 11ዱን ከአሥር ባነሰ ሙከራ ከፍተዋል። እጃቸውን ያየ አይገረምም።

ልጆቹ ካነሱት አይቀር የሌሎቹን አገሮች ታሪክም ንገሯቸው፤ ለስድስትና ሰባት ዓመት ልጅ የሚገባ ታሪክ ነው። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1934 ኤደርዜ በተባለ ሐይቅ አጠገብ ሁለት ጥንድ ራኩን ተለቀቀ። ዛሬ በዚያ አገር ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። ጃፓን ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 ራስካል ስለሚባል አንድ ራኩን የተሠራ የካርቱን ፊልም በቴሌቪዥን ታየ። ልጆቹ ወደዱት፤ ወላጆችም ከአሜሪካ እየገዙ አስመጡላቸው። ግልገሎቹ አድገው መናከስና ቤት ማተራመስ ሲጀምሩ ብዙዎቹ ጫካ ተለቀቁ። በየአውራጃው በዙ፤ እርሻ አበላሹ፤ የጥንት ቤተ መቅደሶችን ጣሪያ ቧጠጡ። የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ራኩን ማስገባትንም ማሳደግንም ከለከለ። የካርቱኑ ጸሐፊዎችም መጨረሻው ላይ ልጁ ራስካልን ወደ ጫካ ሲመልሰው አሳይተው ነበር፤ ራኩን ቤት የሚያድር እንስሳ አይደለምና። ተመልካቾቹ ያስታወሱት ግን ቆንጆ ፊቱን ነው። ታሪኩን ስትጨርሱ ልጆቹን መልሳችሁ ጠይቁ፤ ጃፓኖቹ ልጆች ራስካልን ከመግዛታቸው በፊት ምን ቢያውቁ ኖሮ ይሻላቸው ነበር? መልሳቸውን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፉት፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት መነሻ ይሆናል።